ጠይቁን፦ የጣሳው ኮላጅን፣ የካንጋሮ ጅራትና የብራናው ላጲስ

በዚህ ወር ከጎጃም የመጡልን ደብዳቤዎችና የቴሌግራም መልእክቶች ተማክረው የላኳቸው እስኪመስል ድረስ አንድ ነገር ላይ ነው ያረፉት፣ ኮላጅን። ከማርቆስ፣ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከሞጣ፣ ከቢቸና። ስለዚህ የሌሎቻችሁን ጥያቄ ለሚቀጥለው እትም አሳድሬ ዛሬ በዚሁ እንዋል ብያለሁ። ረዘም ያሉትን አሳጥሬያለሁ፣ ስምም አላወጣሁም። ዓመተ ምህረቱ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። ጓደኞቼ ሁሉ በቴሌግራም የሚሸጠውን የኮላጅን ዱቄት እየጠጡ ነው፣ እኔም አንድ ጣሳ ገዛሁ፣ ዋጋውን ግን ባልነግርዎ ይሻላል። ጣሳው ላይ ሦስት ክር የተጠማዘዘ ስዕል አለበት። እውነት ያ ነገር ስጠጣው ፊቴ ላይ ይደርሳል? ደግሞስ ጾም ሲሆን ኮላጅን ከየት ነው የምናገኘው?»

እህትየ፣ ስዕሉ ትክክል ነው። ችግሩ ስዕሉ ላይ ያለው ነገር ጣሳው ውስጥ የለም። ለምን እንደሌለ ለመረዳት ሰውነትሽ ኮላጅንን እንዴት እንደሚሰራው ማየት አለብን፣ ትንሽ ታገሽኝ።

ኮላጅን ሰውነታችን ውስጥ በብዛቱ አንደኛ የሆነው ፕሮቲን ነው፣ ካለን ፕሮቲን ሁሉ ከ25 እስከ 30 በመቶ ገደማ የሚሆነው እሱ ነው፣ ቆዳው በለው ጅማቱ፣ አጥንቱ፣ የደም ስሩ ግድግዳ፣ ዓይናችን ፊት ለፊት ያለው ጥርት ያለው ሽፋን ሳይቀር። እስካሁን 28 ዓይነት ተለይቷል፣ ቆዳና አጥንት ላይ የሚበዛው ግን አንደኛው ዓይነት የሚሉት ነው። ሴሉ መጀመሪያ ረዣዥም ክሮች ያወጣል፣ አንዱ ክር ወደ 1000 የሚጠጋ አሚኖ አሲድ፣ ማለት የፕሮቲን መገንቢያ ቁራጭ፣ የተቀጣጠለበት ነው፣ ቅጥልጥሉም እንደመጣ አይደለም፣ በየሦስተኛው ቦታ ላይ የግድ ግላይሲን አለ፣ ግላይሲን ማለት ከአሚኖ አሲዶች ሁሉ ትንሹ ነው። ግላይሲን፣ ሌላ፣ ሌላ፣ ግላይሲን፣ ሌላ፣ ሌላ እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፣ ከነዛ «ሌላዎች» መሃል ደግሞ ፕሮሊን የሚባለው ይበዛል።

ከዛ ሦስት ክሮች ጫፋቸው ላይ ባለው መገጣጠሚያ ቁራጭ ይያያዙና ከዛች ጫፍ ጀምረው ወደ ሌላኛው ጫፍ እየተጠመዘዙ ይሄዳሉ። የቃጫ ገመድ ሲገመድ ያየ ሰው ይሄ አይከብደውም፣ እያንዳንዱ ክር ለብቻው ወደ አንድ ጎን ይፈተላል፣ ሦስቱ ሲገመዱ ግን ወደ ተቃራኒው ጎን ነው የሚዞሩት፣ ለዛም ነው ስትስቢው ይበልጥ የሚጠብቀው እንጅ የማይፈታው። ኮላጅንም ክሩ ለብቻው ወደ ግራ፣ ሦስቱ አንድ ላይ ወደ ቀኝ ነው። መሃል ላይ ሦስቱ የሚገናኙበት ቦታ ደግሞ በጣም ጠባብ ስለሆነ ከግላይሲን በቀር ማንም አይገባበትም፣ በየሦስተኛው እሱ የተቀመጠው ለዚህ ነው።

ሳይጠመዘዙ በፊት ግን አንድ ስራ አለ። አንድ ኢንዛይም፣ ማለት የሰውነትን ኬሚካላዊ ስራ የሚያቀላጥፍ ፕሮቲን፣ ፕሮሊኖቹን እየዞረ ሃይድሮክሲፕሮሊን ያደርጋቸዋል፣ ኢንዛይሙ የሚሰራው በብረት ነው፣ ብረቱ ከስራ ውጭ እንዳይሆንበት ደግሞ ቫይታሚን ሲ ይፈልጋል። ይሄ ስራ ከቀረ ሦስቱ ክሮች 24 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርሱ ይፈታሉ፣ ከተሰራ ግን እስከ 40 ገደማ ይይዛሉ። ሰውነታችን 37 ነው፣ እንግዲህ አንቺው አስቢው። የጥንት መርከበኞች ወራት ሙሉ ባህር ላይ ፍሬና አትክልት ሳያዩ ሲቆዩ ድዳቸው የሚደማው፣ የዳነ ቁስላቸው ተመልሶ የሚከፈተው ለዚህ ነበር፣ ስከርቪ ይሉታል፣ ጄምስ ሊንድ የሚባል የእንግሊዝ ባህር ኃይል ሐኪም በ1747 ብርቱካንና ሎሚ እያበላ መርከበኞቹን ሲያሻላቸው ስለ ፕሮቲን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም።

አሁን ወደ ጣሳሽ። ሙሉው ኮላጅን ወደ 300,000 ዳልተን ይመዝናል፣ ዳልተን የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው፣ የዱቄቱ ቁርጥራጮች ግን ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሺህ ዳልተን ብቻ ናቸው፣ ምክንያቱም ፋብሪካው ራሱ በሙቀትና በኢንዛይም ከትፎ ከትፎ ነው የሚያሽገው፣ ካልከተፈው ውሃ ላይ እንዲህ ቶሎ አይሟሟልሽም። ስለዚህ ጥምዙ ገና ሳትገዥው በፊት ተፈቷል፣ ሆድሽ ደግሞ የቀረውን ወደ አሚኖ አሲድና ወደ ትንንሽ ቁራጭ ይፈጨዋል። ከዛ በኋላ ያ አሚኖ አሲድ ፊት ይሂድ ጉበት ይሂድ የሚያዘው የለም። ጭራሽ ከንቱ ነው ግን ልልሽ አልችልም፣ ሁለት ሁለት አሚኖ አሲድ የያዙ ቁራጮች ሳይፈጩ ደም ውስጥ እንደሚገኙ ታይቷል፣ የቆዳ ድርቀት ትንሽ ተሻሻለ የሚሉ ጥናቶችም አሉ፣ ብዙዎቹ ግን በጥቂት ሰዎች ላይ የተሰሩና አምራቾቹ ራሳቸው ገንዘብ ያወጡባቸው ናቸው። እኔ ብሆን ገንዘቤን አላወጣም ነበር። ክሬሙ ደግሞ የባሰ ነው፣ ያን የሚያህል ሞለኪውል ቆዳን አልፎ አይገባም።

ጾሙን በተመለከተ አትስጊ። ኮላጅን ጎመን ውስጥም ሽሮ ውስጥም የለም፣ የእንስሳ ነገር ነው፣ ግን ግላይሲንንም ፕሮሊንንም ሰውነትሽ ራሱ መስራት ይችላል፣ ለዚያ የሚሆነው ጥሬ እቃ ከሽሮው ከምስሩ ከባቄላው ይመጣል። እንደውም ኮላጅን ትሪፕቶፋን የሚባለው አስፈላጊ አሚኖ አሲድ ጭራሽ የለውም፣ ሽሮ ግን አለው። ከጎኑ ጥሬ ቃሪያ ወይ ሎሚ ወይ ዘይቱን ከተገኘ ቫይታሚን ሲውም ተሟላ፣ ሲበስል ስለሚጠፋ ጥሬ ያልኩት ለዚያ ነው። በነገራችን ላይ እነዚህ ዱቄቶች ከከብት ቆዳ፣ ከዓሣ ቆዳ፣ አንዳንዱ ከአሳማ ቆዳ ነው የሚሰሩት፣ ስለዚህ የምትጾሚ ከሆነ ጣሳው ጀርባ ላይ ያለችውን ደቃቃ ጽሁፍ ማንበቡ አይከፋም።

«ከቡሬ ነኝ። የቅልጥም መረቅ ሲያድር ለምን ይረጋል? ጉልበት ለሚያመው ሰውስ ይጠቅማል?»

የሚረጋው ያው ኮላጅን ስለሆነ ነው። ለብዙ ሰዓት ሲፈላ ጥምዙ ይፈታና ክሮቹ ተበታትነው መረቁ ውስጥ ይገባሉ፣ ያኔ ጄላቲን ነው የሚባለው። ሲቀዘቅዝ ክሮቹ እንደገና ሊጠማዘዙ ይሞክራሉ፣ ግን የቀድሞ ጓደኛቸውን አያገኙትም፣ አንዱ እዚህ ጋ ካንዱ፣ እዛ ጋ ከሌላው እየተያያዘ መረብ ይሆናል፣ ውሃውም እዛ መረብ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። አፍ ውስጥ ሲገባ የሚቀልጠው ደግሞ ያ የችኮላ ጥምዝ የሰውነትን ሙቀት ስለማይችል ነው። ለጉልበት? ከላይ ለማርቆሷ እህታችን ያልኩትን አንብብ። ለብርድ ግን ይጠጣ፣ መረቅ ነው!

«የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከፍኖተ ሰላም። የባዮሎጂ አስተማሪያችን የኮላጅን ሞለኪውል 300 ናኖሜትር ይረዝማል፣ 1.5 ናኖሜትር ይወፍራል፣ ሦስት ክር አለው አለን። ማን አይቶት ነው? ማይክሮስኮፕ እንኳን እንደማያሳየው ራሱ አስተምሮናል።»

ጎሽ የኔ ወንድም፣ እንዲህ ነው መጠየቅ! አስተማሪህ ትክክል ነው፣ አንተም ልክ ነህ። ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው፣ የምናየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ነው፣ በዚህ ብርሃን 1.5 ናኖሜትር ውፍረት ያለውን ነገር ለይቶ ማየት አይታሰብም። ስለዚህ ሞገዱ በጣም አጭር የሆነ ነገር ፈለጉ፣ ኤክስሬይ፣ 0.15 ናኖሜትር ገደማ። ግን እግር ሲሰበር እንደሚነሳው ፎቶ አይደለም። ጅማት ይወስዱና ቀጥ አድርገው ይወጥሩታል፣ ቀጭን የኤክስሬይ ጨረር ያሳልፉበታል፣ ከኋላ ፊልም ያስቀምጣሉ። ጅማት የተመረጠው ሞለኪውሎቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ስለተኙ ነው። ጨረሩ እየተደጋገመ የሚመጣ ነገር ሲያጋጥመው ተበትኖ ፊልሙ ላይ ነጠብጣብና ቅስት ያወጣል፣ ከመሃል የራቀው ነጥብ የቀረበ ድግግሞሽ ነው፣ ወደ መሃል የተጠጋው ደግሞ የተራራቀ፣ የተገላቢጦሽ ነው። አሃ፣ ከነጥቦቹ ተነስተህ ምን ዓይነት ቅርጽ እንዲህ ያለ ነጥብ ሊሰጥ ይችላል ብለህ በሂሳብ ወደ ኋላ ትሄዳለህ ማለት ነው፣ እንጅ ሞለኪውሉ ቁጭ ብሎ ፎቶ አልተነሳልህም።

የኮላጅን ፊልም ላይ አንድ ጎላ ያለ ቅስት አለ፣ 0.286 ናኖሜትር የሚያመለክት። ክሩ ላይ ከአንድ አሚኖ አሲድ ወደሚቀጥለው ስትሄድ ወደፊት የምትራመደው ያን ያህል ነው። አሁን ራስህ ስራው፣ የአንደኛው ዓይነት ኮላጅን የተጠመዘዘው ክፍል 1014 አሚኖ አሲድ አለው፣ በ0.286 ስታባዛው 290 ይመጣል፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉትን ያልተጠመዘዙ ቁራጮች ስትጨምር ወደ 300 ትጠጋለህ። አስተማሪህ የነገረህ ቁጥር ይኸው።

ሦስት ክር የሚለው ነገር ግን ብዙ አጨቃጭቋል። በ1951 ላይነስ ፖሊንግ፣ ያ በፕሮቲን ጉዳይ የዘመኑ አንበሳ የነበረው አሜሪካዊ፣ ለኮላጅንም ባለ ሦስት ክር ቅርጽ ሰጥቶት ነበር፣ ትክክል አልነበረም። በ1952 በርናል የሚባለው የእንግሊዝ ሳይንቲስት ህንድ ማድራስ ሄዶ ለአንድ ወጣት ፕሮፌሰር፣ ለራማቻንድራን ማለት ነው፣ ኮላጅን እስካሁን አልተፈታም ብሎ ነገረው። ራማቻንድራን ከጎፒናት ካርታ ጋር ሆኖ ስራውን ጀመረ፣ እዛው ማድራስ ውስጥ የህንድ የቆዳ ምርምር ተቋም ስለነበር ቆዳና ጅማት የሚያውቅ ሰው ሩቅ አልነበረም፣ ጥሩ ፊልም የሰጣቸው ግን ምን መሰለህ፣ የካንጋሮ ጅራት ጅማት! ኬሚስቶች ከኮላጅን ውስጥ ሲሶው ግላይሲን መሆኑን ቀድመው ስላወቁ ሁለቱ ሰዎች ሲሶው ትንሽ ከሆነ ትንሹ የሚቀመጠው ቦታ በሌለበት መሃል ላይ መሆን አለበት ብለው አሰቡ፣ በ1954 ሦስት ክር ነው ብለው አሳተሙ፣ በ1955 ደግሞ ሦስቱ እርስ በርስ የተጠመዘዙ መሆናቸውን ጨመሩበት።

በዛው ዓመት ፍራንሲስ ክሪክ፣ የዲኤንኤው ክሪክ፣ ከአሌክሳንደር ሪች ጋር መጣና ሦስት ክር መሆኑን እንቀበላለን ግን የናንተ ሞዴል ላይ አንዳንድ አተሞች ከመጠን በላይ ተጠጋግተዋል፣ ደግሞ በየሦስቱ አሚኖ አሲድ ሁለት የሃይድሮጅን ትስስር፣ ማለት ክሮቹን የሚያያይዝ ደካማ መሳሳብ፣ ብላችኋል፣ አንድ ነው የሚሆነው አሉ። በአንዱ ትስስር ነገር ክሪክና ሪች ናቸው የረቱት። ራማቻንድራን ግን የዋዛ ሰው አይደለም፣ «ከመጠን በላይ መጠጋት» ማለት ስንት ነው ብሎ የታተሙ የሞለኪውል ቅርጾችን እየሰበሰበ ለካ፣ ከዛ ተነስቶ በ1963 አንድ የፕሮቲን ክር በየት በየት በኩል መታጠፍ እንደሚችል የሚያሳይ ካርታ ከባልደረቦቹ ጋር አወጣ፣ ዛሬ በዓለም ላይ የፕሮቲን ቅርጽ የሚያጠና ሰው ሁሉ ስራውን የሚፈትሸው በራማቻንድራን ካርታ ነው። ለኔ ከኮላጅኑም ይልቅ ይሄ ነው የሚገርመኝ፣ ከሙግት የተወለደ ነገር።

አተም በአተም ጥርት ብሎ የታየው ግን በ1994 ነው። ሙሉው ኮላጅን ረጅም ስለሆነ ክሪስታል አይሆንም፣ ስለዚህ አጭር አስመሳይ ክር በላብራቶሪ ሰርተው እሱን ክሪስታል አደረጉት፣ አንዱን ግላይሲን ሆን ብለው በአላኒን፣ ከሱ ትንሽ በሚበልጥ አሚኖ አሲድ፣ ቀይረውት ስለነበር ጥምዙ እዛች ቦታ ላይ ምን ያህል እንደሚላላ ጭምር ታየ። ይችን ያዝልኝ፣ ወደ ሞጣ ስንሄድ ትመጣለች።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ አንድ ሞለኪውል ብቻውን ጅማት አይሆንም። ሴሉ ውስጥ እያለ ጫፎቹ ላይ ያሉት ትርፍ ቁራጮች ከሌሎች ጋር እንዳይደረደር ይከለክሉታል፣ ሴሉ እዛው ውስጡ ቢደረደርበት ጉድ ነው የሚፈላው። ከወጣ በኋላ ኢንዛይሞች ትርፉን ይቆርጡታል፣ ያኔ ሞለኪውሎቹ ጎን ለጎን ይተኛሉ፣ ግን ጫፋቸው እኩል አይሆንም፣ አንዱ ካንዱ 67 ናኖሜትር ወደፊት ገባ እያለ ነው። በ1942 አሜሪካ ውስጥ ሽሚትና ባልደረቦቹ ኮላጅንን በብርሃን ፈንታ ኤሌክትሮን በሚጠቀመው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት ከዳር እስከ ዳር የተሰነተረ ሆኖ አገኙት፣ ጥቁር ነጭ ጥቁር ነጭ። ለምን እንደሆነ ያስረዱት በ1963 ሆጅና ፔትሩስካ ናቸው። እስቲ አስላው፣ 67 በ5 ሲባዛ 335፣ ሞለኪውሉ 300፣ ስለዚህ አንዱ ካለቀበት ሌላው እስኪጀምር 35 ናኖሜትር ያህል ባዶ ይተርፋል፣ ለማይክሮስኮፑ ብለው የሚቀቡት ማቅለሚያ እዛ ባዶ ላይ ሲጠራቀም ጠቆር ይላል። በ2006 ደግሞ ኦርገልና ጓደኞቹ አሜሪካ ውስጥ በጣም ኃይለኛ ኤክስሬይ ይዘው የአይጥ ጅራት ጅማት ሳይበታተን እንዳለ መርምረው ሞለኪውሎቹ እንዴት ተጠላልፈው እንደሚደረደሩ አሳዩ።

የዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ የገባህ ቀን ደግሞ አንድ ነገር ሞክር። የአይጥ ጅራት ጅማት በቀጭን አሴቲክ አሲድ ቅዝቃዜ ውስጥ ይሟሟል፣ ውሃ መስሎ ነው የሚታየው። አሲዱን ታጠፋና 37 ዲግሪ ላይ ታስቀምጠዋለህ። ትንሽ ጊዜ ምንም አይመጣም፣ ከዛ ደፍረስ ደፍረስ ይልና ይረጋል፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ብታየው ያው 67 ናኖሜትሩ ስንጥር አለበት፣ ማንም ሳይነካው ራሱን ደረደረ ማለት ነው። ስኳር ሲሞቅ ይሟሟል፣ ይሄ ሲሞቅ ነው የሚገጣጠመው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱን ሞለኪውል ከበው የነበሩት የውሃ ሞለኪውሎች ሲለቀቁ የሚያገኙት ነጻነት ነው የሚገፋው።

«ጤና ይስጥልኝ። ከሞጣ አካባቢ ነኝ። ልጄ አምስት ዓመቱ ነው፣ ሦስት ጊዜ ተሰብሯል፣ አንዱን ጊዜ ከመደብ ላይ ወርዶ ብቻ ነው። ነጭ ዓይኑ ወደ ሰማያዊ ይላል። ሰዉ ቡዳ ነው ይለኛል፣ ወጌሻም አይቶታል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ በደብዳቤም ልጅ አይመረመርም፣ ግን የጻፍሽው ሁለቱ ነገር አንድ ላይ መምጣቱ፣ ማለት በትንሽ ነገር መሰበሩና የዓይኑ መሰማየት፣ ሐኪሞች በቶሎ የሚያስቡት አንድ በሽታ ስላለ ነው ደብዳቤሽን ሳላሳድር የምመልሰው። ኦስቲዮጀነሲስ ኢምፐርፌክታ ይሉታል፣ ሲወለድ ጀምሮ ያለ የኮላጅን ችግር ነው።

ቅድም ግላይሲን በየሦስተኛው ቦታ የግድ መኖር አለበት ብያለሁ። ከነዛ ካንዱ ቦታ ላይ በዘር ለውጥ ምክንያት ትልቅ አሚኖ አሲድ ከገባ ጥምዙ እዛች ጋ ሲደርስ ይደነቃቀፋል፣ አጥንት ደግሞ የሚቆመው በዛ ጥምዝ ላይ ነው፣ ካልሲየሙ መቀመጥ የሚጀምረው እነዛ 35 ናኖሜትር ባዶዎች ውስጥ ነው። አንዱ ሞለኪውል ሁለት አንድ ዓይነት ክርና አንድ ሌላ ክር ነው ያለው። የእያንዳንዱ ክር ዘር ከእናትና ካባት የመጣ ሁለት ቅጂ አለው፣ ሁለት ከሆነው ክር ዘር ላይ አንዱ ቅጂ ከተበላሸ ከሚሰሩት ክሮች ግማሹ ጥሩ ግማሹ መጥፎ ይሆናል፣ ሁለቱም ጥሩ ሆነው የሚገጥሙት ግን ከአራት ሞለኪውል አንዱ ብቻ ነው። ለዛ ነው የሚገርመው ነገር የሚመጣው፣ የተበላሸው ቅጂ ጭራሽ ክር ባይሰራ ይሻላል፣ ያኔ ኮላጅኑ በመጠን ይጎድላል እንጅ ያለው ሁሉ ጤነኛ ስለሆነ በሽታው ቀለል ይላል። የዓይኑ ቀለምም ከዚሁ ነው፣ ነጩ የዓይን ክፍል ከኮላጅን የተሰራ ስለሆነ ሲሳሳ ከስሩ ያለው ጠቆር ያለው ሽፋን አሳልፎ ይታያል። ሌላ በሽታም ሊሆን ይችላል፣ የፀሐይ እጥረት የሚያመጣው የአጥንት መለስለስም ልጆችን ይሰብራል፣ ስለዚህ የሕጻናት ሐኪም ወዳለበት ሪፈራል ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ፣ የቀድሞ ስብራቶቹን ሁሉ ንገሪያቸው፣ በቤተሰብ ውስጥ ቶሎ ቶሎ የሚሰበር ወይም በወጣትነቱ ጆሮው የደከመ ሰው ካለም ተናገሪ። አጥንቱ እንዳይሳሳ የሚያግዙ ቢስፎስፎኔት የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ። እስከዛው ወጌሻ አይጎትተው፣ አይሸው። ስታነሺውም በብብቱ ብቻ አንጠልጥለሽ ሳይሆን ከስሩ በመዳፍሽ ደግፈሽ ይሁን። ቡዳ ለሚሉሽ ደግሞ መልስ አትስጫቸው፣ ጊዜሽን ነው የሚበሉብሽ።

«ለአዘጋጁ፣ ብራና ፍቄ መጽሐፍ የምጽፍ የቢቸና ሰው ነኝ። ብራና እሳት ሲቀርበው ለምን ይኮማተራል? ደግሞ አንድ እንግዳ በላጲስ ብቻ ፈትጎ የበግ ይሁን የፍየል ማወቅ ይቻላል አለኝ። እውነት ነው ወይስ ሲቀልድብኝ ነው?»

መሪጌታ፣ አልቀለደብዎትም።

በመጀመሪያ መኮማተሩን ልንገርዎ። ቆዳውን ፍሬም ላይ ወጥረው ሲፍቁና ሲያደርቁት የኮላጅኑ ክሮች በየአቅጣጫው ተጠላልፈው የነበሩት ሁሉ ከገጹ ጋር ጠፍጥፈው ይተኛሉ፣ እንደተወጠሩም ይደርቃሉ፣ ያን ለስላሳ ገጽ የሚሰጠው እሱ ነው። የለፋ ቆዳ ላይ ከልጣጭና ከቅጠል የሚወጣው ነገር ክሮቹን እርስ በርስ ያስራቸዋል፣ ስለዚህ ሙቀት ይችላል። ብራና ግን ይሄ ማሰሪያ የለውም። አዲስ ቆዳ እርጥብ ሆኖ 65 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሦስቱ ክር ይፈታና ያ ተወጥሮ የነበረው ሁሉ ወደ ውስጥ ይሸበሸባል፣ አንዴ ከተሸበሸበ መመለሻ የለውም። ያረጀ ብራና ደግሞ ከዛ በታች በሆነ ሙቀት ነው የሚፈታው፣ ባረጀና በተጎዳ ቁጥር ቁጥሩ ይወርዳል። መጽሐፍ የሚጠግኑ ባለሙያዎች ጉዳቱን የሚለኩት በዚሁ ነው፣ ከዳሩ ላይ ጥቂት ጭረት የምታህል ክር ይወስዱና ውሃ አርሰው በመስታወት ላይ ማይክሮስኮፕ ስር ያደርጓታል፣ ቀስ እያሉ እያሞቁ መጀመሪያ ፈቀቅ ያለችበትን ዲግሪ ይመዘግባሉ። ስለዚህ እርጥበትና ሙቀት አንድ ላይ ከመጡ ነው ክፉው፣ ዝናብ የመታውን መጽሐፍ ለማድረቅ ምድጃ አጠገብ የሚያስቀምጥ ሰው ካለ ይከልክሉልኝ፣ ጥላ ውስጥ ነፋስ ባለበት ይድረቅ።

ላጲሱ ደግሞ እንዲህ ነው። ተራ የትምህርት ቤት ላጲስ ብራናው ላይ በቀስታ ሲፈተግ በኤሌክትሪክ መሳሳብ ዓይን የማያየው ኮላጅን ፍርፋሪው ላይ ይጣበቃል። ፍርፋሪውን በትንሽ ብልቃጥ ይዘው ላብራቶሪ ይወስዱታል፣ ትሪፕሲን በሚባል ኢንዛይም ኮላጅኑን ሁልጊዜ በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ይቆርጡታል፣ ቁራጮቹን ደግሞ አንድ በአንድ በሚመዝን ማሽን ይመዝኗቸዋል። የበግና የፍየል ኮላጅን እጅግ ተቀራራቢ ነው፣ ግን አንዲት ቁራጭ አለች፣ በበግ 3033፣ በፍየል 3093 ዳልተን ገደማ የምትመዝን፣ እሷ ትለያቸዋለች። ይሄን የላጲስ ዘዴ በ2015 ያሳተሙት የእንግሊዝ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ትንንሽ የኪስ መጽሐፍ ቅዱሶችን መርምረው፣ ገጻቸው ከመሳሳቱ የተነሳ የጥንቸል ነው ወይም የሌላ ትንሽ አውሬ ነው ይባል የነበረው ሁሉ የጥጃ፣ የፍየልና የበግ ሆኖ ተገኘ፣ ጥበቡ የፋቂው እጅ ነበር ማለት ነው።

ዘዴው ገጽ አይቆርጥም፣ ይሁንና ላጲሱ የሚነካው ጽሁፍ የሌለበትን ህዳግ ብቻ ነው፣ የእኛ ቀለም ከጥላሸት ስለሚሰራ ፊቱ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ከተፈተገ ይነሳል። ደግሞ ያ መመዘኛ ማሽን ከሌለ መፈተጉ ብቻውን ምንም አይነግርም፣ ስለዚህ ላጲስ ይዞ የመጣ እንግዳ ሁሉ መጽሐፉን አውጡልኝ ሲልዎ መጀመሪያ ፍርፋሪው የትኛው ላብራቶሪ እንደሚሄድና ውጤቱን ለርስዎ በጽሁፍ መቼ እንደሚያመጣ ይጠይቁት።